ያውቁ ኖሯል? ወገብ፣ ጉልበት፣ የግመል ወተትና ኤምአርአይ

ወገቡን የማያመው ሰው ኤምአርአይ ቢነሳ ምን ይገኝበት ይመስልዎታል? እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ወገባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች ተነስተው ነበር። ምስሉን የሚያነቡት ሐኪሞች የትኛው የጤነኛ፣ የትኛው የሕመምተኛ እንደሆነ እንዳይለዩ ወገባቸውን የሚያማቸው የሌሎች ሰዎች ምስል ተቀላቅሎ ተሰጣቸው። ከ98ቱ መካከል ዲስኮቻቸው ሁሉ ደህና ሆነው የተገኙት 36 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ቢያንስ አንድ ዲስካቸው አብጦ፣ ወጣ ብሎ ወይም ሌላ እንከን ይዞ ታየ። ሰዎቹ ግን ምንም አይሰማቸውም።

ዕድሜ ሲጨመርበትማ ይብሳል። የማያማቸውን 3,110 ሰዎች ያካተቱ ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረ የ2015 (እ.ኤ.አ.) ግምገማ፣ የዲስክ ማርጀት በ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው ላይ፣ በ80 ዓመት አዛውንቶች ደግሞ 96 በመቶው ላይ እንደሚታይ አስልቷል።

ጉልበትም ከዚህ አያመልጥም። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 90 የሆኑ 991 ሰዎች ጉልበታቸውን ተነስተው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ። በሁለቱ የጉልበት አጥንቶች መካከል ያለው ሜኒስከስ ተቀዶ ከተገኘባቸው ውስጥ 61 በመቶዎቹ ባለፈው አንድ ወር ጉልበታቸውን ጭራሽ አላመማቸውም።

ይህን ከሁሉ ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬና በቶጎ ውጫሌ ወገቡን ያመመው ሰው ፍየሉን ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ ለምርመራ ሩቅ አገር ይነሳል። ጅግጅጋ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ለታመመ ወገብ የአውቶቡሱ መንገድ ራሱ አንድ ሕመም ነው። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ «ዲስክ አለብህ» የሚል ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ወረቀቱ እውነት ነው። የሕመሙ ምክንያት እሱ ስለመሆኑ ግን ማስረጃ የሚሆነው ሐኪሙ እግርዎን አንስቶ፣ ጉልበትዎን በመዶሻ መትቶ፣ የእግር ጣትዎን ጥንካሬ ለክቶ ያገኘው ነገር ከምስሉ ጋር ሲገጥም ብቻ ነው።

ወገብ የሚያመው ሰው ብቻውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ወገብ ሕመም ነበረባቸው። ከመቶ ዘጠና የሚሆኑት ላይ «ይህ ነው» ተብሎ በምስል የሚጠቆም አንድ ምክንያት አይገኝም።

ኤምአርአይ የሚያየው ከአጥንት ይልቅ ውሃንና ስብን መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ማሽኑ እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለውም። ግዙፍ ማግኔት ነው። በሰውነታችን ውሃና ስብ ውስጥ ያሉትን የሃይድሮጅን እምብርቶች ማግኔቱ በአንድ አቅጣጫ ያሰልፋቸዋል፤ የሬዲዮ ሞገድ ይመታቸዋል፤ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ የሚሰጡትን ደካማ ምልክት አንቴናው ይለቅማል፤ ኮምፒዩተሩ ወደ ሥዕል ይቀይረዋል። ስለዚህ ራጅ የማያያቸውን ዲስክ፣ ነርቭ፣ ጅማት፣ ህብለ ሰረሰርና የአጥንት ውስጥ መቅኒ አጥርቶ ያሳያል። ውሃ ጎልቶ በሚታይበት የምስል ዓይነት የወጣት ዲስክ ነጭ ሆኖ ያበራል፤ የደረቀው ይጠቁራል።

ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ቴክሳስ ስትነሳ ከ35,000 በላይ ምስል የወጣላት በሲቲ ስካን ነበር። ኤምአርአይ ቢሆን ኖሮ ብዙ አያይላትም ነበር፤ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ ቅሪተ አካል ውሃ ከየት ያመጣል? በነገራችን ላይ ተመራማሪዎች በድንቅነሽም የጀርባ አከርካሪ አጥንቶች ላይ ጤናማ ያልሆነ ለውጥ አይተዋል። የጀርባ ችግር የዘመናችን ብቻ አይደለም ማለት ነው።

1.5 ቴስላ የሚባለው የተለመደው ማሽን ማግኔት ከምድራችን ማግኔታዊ ኃይል ከ30,000 እጥፍ በላይ ይበረታል።

መብራት ሲጠፋ ማግኔቱ የሚጠፋ ይመስልዎታል? አይጠፋም። ሽቦው በፈሳሽ ሄሊየም ከዜሮ በታች እስከ 269 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ አንዴ የገባበት ኤሌክትሪክ ያለ ተቃውሞ ሲዞርበት ይኖራል። ጣጣው ሌላ ነው፦ ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። መብራቱ ለረጅም ጊዜ ከጠፋ ሄሊየሙ ይተናል። በተለመዱት ማሽኖች ውስጥ ያለው ከ1,000 ሊትር በላይ ነው፤ መልሶ መሙላቱም ውድ ነው። ለዚህ ነው አንድ ክልል ኤምአርአይ «ገዛ» ሲባል ጄኔሬተሩን፣ ጠጋኙንና ምስሉን የሚያነበውን የራዲዮሎጂ ሐኪም አብሮ መጠየቅ የሚገባው። ማሽን መግዛቱ ቀላሉ ሥራ ነው።

ማግኔቱ ሁልጊዜ በሥራ ላይ ነው ብለናል። እንግዲህ ከበሩ እንቁም። አንዲት እናት ወገባቸውን ሊነሱ መጥተዋል። ባለሙያዋ «እናቴ፣ ብረት ነገር አለ?» ትላለች። «የለም» ይላሉ። ወርቁ ወልቋል፤ ስልኩ ለልጃቸው ተሰጥቷል። ከዚያ የሂጃቡ ስፒል አንድ፣ ከአገጭ ሥር ሌላ፣ ከትከሻ ላይ ሦስተኛ ይወጣል። ከአንገት ደግሞ በብረት ቆርቆሮ የታሸገ ክታብ። ትንሿ የብረት ስፒል ወደ ማግኔቱ ስትሳብ ዓይን ልታጠፋ ትችላለች። ኩልና ሌላ የዓይን መኳኳያም ብረት አዘል ቀለም ሊኖርበት ስለሚችል ታጥቦ ይገባል። ተፈጥሯዊ ሂና ግን ችግር የለውም፤ ሰርግ ደርሶልዎት ከሆነ እጅዎን ይቀቡ።

ቢላዋና ሽጉጥ ታጥቆ መሄድ ለለመደ ሰው ደግሞ ይህቺን ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ2023 በብራዚል ሳኦ ፓውሎ እናቱን አጅቦ ወደ ኤምአርአይ ክፍል የገባ ሰው ወገቡ ላይ የያዘው ሽጉጥ በማግኔቱ ተስቦ ተተኮሰ፤ ሆዱን መታው፤ ቆይቶም ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2018 በሕንድ ሙምባይ የኦክስጅን ሲሊንደር ይዞ የገባ አስታማሚም ከነሲሊንደሩ ተስቦ ሕይወቱ አልፏል።

ሰውነቱ ውስጥ ጥይት ወይም ፍንጣሪ የቀረ ሰው ቢነሳስ? ጥያቄው ለጅግጅጋ ባዕድ አይደለም። ከተማዋን ቁልቁል የሚያየው ካራማራ በ1970 ዓ.ም. የከባድ ውጊያ ሜዳ ነበር፤ ከዚያም በኋላ አካባቢው ጥይት አልራቀውም። መልሱ «እንደ ቦታውና እንደ ብረቱ» ነው። እርሳስ በማግኔት አይሳብም፤ ብረት ያለበት ጥይትና የቦምብ ፍንጣሪ ግን ይሳባል። በዓይን፣ በህብለ ሰረሰር ወይም በትልቅ የደም ሥር አጠገብ ከሆነ አደጋው የምር ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ራጅ ይነሳል። «ድሮ ነው፣ ረስቼዋለሁ» አይባልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ታሪክ አለ። ራጅ እ.ኤ.አ. በ1895 መጨረሻ ተገኘ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1896፣ በናፖሊ ወታደራዊ ሆስፒታል ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የጦር ሐኪም ሁለት ቁስለኞች ክንድ ውስጥ የቀረ ጥይት በራጅ ፈለገ። ይህ ራጅ በጦር ቁስለኛ ላይ የዋለበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ተብሎ ይጠቀሳል። ቁስለኞቹ ከየት የመጡ ነበሩ? ከኢትዮጵያ ጦርነት፣ ከአድዋው ዘመቻ የተመለሱ ጣሊያናውያን።

የስብራት ማጠናከሪያ ብረት የገባላቸው ሰዎች አይስጉ። ታይታኒየምና አብዛኛው የዛሬ የአጥንት ብረት ለኤምአርአይ አይከለክልም፤ በአጠገቡ ያለውን ምስል ግን ያበላሸዋል። የልብ ምት ማስተካከያ ያለው ሰው ጉዳይ ከባድ ስለሆነ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ።

አሁን በርዕሱ ወደ ጠቀስኩት የግመል ወተት፤ ከወገብ ሕመም ጋር የሚያገናኘው ነገር አለና። በጅግጅጋ ገበያ ጀሪካናቸውን ደርድረው የግመል ወተት የሚሸጡትን እናቶች ያየ ሰው ያንን የጭስ ጠረን ያውቀዋል። እቃው በጭስ ይታጠናል፤ ወተቱ ሳይፈላ ይጠጣል፤ «ከፈላ ምኑ ወተት ነው?» የሚል ብዙ ነው። ጭሱ ጣዕም ይሰጣል፣ ወተቱንም ቶሎ ከመበላሸት ያቆየዋል። ብሩሴላ የተባለውን ባክቴሪያ ይገድላል ብሎ መታመን ግን አይቻልም። የሚገድለው ማፍላት ነው።

ብሩሴላ ከብትን፣ ፍየልንና ግመልን ያስወርዳል። ወደ ሰው የሚመጣው ባልፈላ ወተት ነው፤ ሲያዋልዱ ወይም የተጨናገፈውን ሲያነሱ በባዶ እጅ በመንካትም ይመጣል። ሰው ላይ ሲወጣ መልኩ ብዙ ነው፦ ሄድ መለስ የሚል ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ድካም፣ የመገጣጠሚያና የወገብ ሕመም። ወባ ነው ተብሎ ይታከማል፤ ታይፎይድ ነው ተብሎ ይታከማል፤ በመጨረሻ «ዲስክ ነው» ይባላል። ባክቴሪያው በተለይ የታችኛውን አከርካሪና የዳሌን መገጣጠሚያ ይወዳል። ኤምአርአይ ለእንዲህ ያለው ኢንፌክሽን ከሁሉ የተሻለ ዓይን ነው፤ ራጅ ምንም ሳያሳይ አጥንቱ ውስጥ የገባውን እብጠት ቀድሞ ያያል። ግን ልብ ይበሉ፦ ወደ ኤምአርአይ ከመሄድ በፊት ሐኪሙ «ጥሬ ወተት ትጠጣለህ? ከብት ታዋልዳለህ?» ብሎ መጠየቅና ደም መመርመር ይችላል። ጥያቄው ነፃ ነው። ሕክምናው ቢያንስ በሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፤ አከርካሪ ውስጥ ከገባ ሦስት ወርና ከዚያም ያልፋል። ሻል ሲል መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ሕመሙ መልሶ ያገኘዋል።

የማልታ ሰዎችም በዚሁ አልፈዋል። የእንግሊዝ ጦር ሐኪሙ ዴቪድ ብሩስ ባክቴሪያውን በደሴቲቱ በሞቱ የእንግሊዝ ወታደሮች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1887 አገኘው። ምንጩ የፍየል ወተት መሆኑን ማልታዊው ቴሚስቶክልስ ዛሚት እስኪደርስበት ድረስ ግን 1905 መጣ። በማግስቱ ዓመት ወታደሮቹ የፍየል ወተት ሲከለከሉ በሽታው በመካከላቸው ቀነሰ።

የብሩሴላ ወንድም የሚመስለው ሌላው ጠላት የአከርካሪ ቲቢ ነው። ኢትዮጵያ ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ቲቢ ሳንባን ብቻ አይይዝም፤ ከአጥንት ሁሉ አብዝቶ የሚመርጠው አከርካሪን ነው። ብሩሴላ ወደ ታችኛው ወገብ ሲያደላ፣ ቲቢ ደረትና ወገብ የሚገናኙበትን አካባቢ ይወዳል፤ አጥንቱን በልቶ ይንደዋል፤ መግል ይቋጥራል፤ ጀርባ ይጎብጣል። በኤምአርአይ ላይ የሁለቱን ልዩነት ብዙ ጊዜ መለየት ይቻላል፤ የማያጠራጥረው መልስ ግን ከቦታው በመርፌ በሚወሰድ ናሙና ነው። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ወራት የቆየ የጀርባ ሕመም፣ ክብደት መቀነስና የሌሊት ላብ አንድ ላይ ከመጡ መጉበጡን መጠበቅ አይገባም።

ጎብጦ ሳይታከም የቀረውን ጀርባ የማቃናቱ ሥራ ከባድ ነው። ለአሥርታት አዲስ አበባ የኖረው አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆደስ ጀርባቸው የተጣመመ በርካታ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ለቀዶ ሕክምና ወደ ጋና፣ አክራ ሲልክ ቆይቷል። በአገር ውስጥ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ በርገን ባለሙያዎች ጋር ሆኖ የነርቭና የአከርካሪ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

ህብለ ሰረሰር እስከ ታች እንደማይወርድ ያውቁ ኖሯል? አንደኛውና ሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በታች ያሉት የነርቭ ክሮች ናቸው። ስለዚህ የታችኛው ዲስክ ሲወጣ የሚጫነው ነርቩን ነው፤ ሕመሙም ከመቀመጫ ተነስቶ እስከ እግር ጣት ይወርዳል።

ወጥቶ ነርቭ የተጫነ ዲስክ ያለ ቀዶ ሕክምና ተመልሶ ሊሟሽሽ ይችላል። የብዙ ጥናቶች ድምር ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ እንደሚቀንሱ ያሳያል። የሚገርመው፣ ተበጥሶ የወጣው ትልቁ ቁራጭ ከትንሹ ይልቅ የመሟሸሽ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ዲስክ የራሱ የደም ሥር የለውም ማለት ይቻላል። ምግቡ በመንቀሳቀስ ሰርጎ ይገባል። ከቀትር እስከ ምሽት በክርን ተደግፎ በርጫ ላይ የሚውል ሰውና ቀኑን ሙሉ ከባጃጁ የማይወርድ ሾፌር ይህቺን ያስቡባት፤ በየመሐሉ ተነስቶ መራመድ ገንዘብ አይጠይቅም።

ፋርማሲ የሚሸጠው የወገብ ቀበቶ? የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ቀበቶን አይመክርም። የሚመክረው እንቅስቃሴን፣ ትምህርትንና የእጅ ሕክምናን ነው።

በእሳት መተኮስስ? በአካባቢው ወገቡ ወይም ዳሌው ላይ ክብ ክብ ጠባሳ ያለበት ሰው ብዙ ነው። ጠባሳው ለኤምአርአይ እንቅፋት አይሆንም፤ የተጫነውን ነርቭም አያስለቅቅም። ወጌሻም ቢሆን ለወለምታ እጁ የተመሰከረለት ሊሆን ይችላል፤ አንገትና አከርካሪ ግን ለወጌሻ አይሰጥም። ይህ የእኔ ጠንካራ አቋም ነው።

የተቆለፈ ትከሻ ብዙውን ጊዜ ኤምአርአይ አያስፈልገውም፤ ሐኪሙ ክንድዎን ሲያንቀሳቅስ ይለየዋል። የስኳር ሕመምተኞችን አብዝቶ ይይዛል። በዕድሜ የመጣ የጉልበት ብግነትም ቆመው በሚነሱት ተራ ራጅ ይታያል።

ረመዳን ላይ ነዎት? ለወገብና ለመገጣጠሚያ ኤምአርአይ በአብዛኛው መጾምም መብላትም አይጠየቅም። አንዳንዴ ጋዶሊኒየም የሚባል መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል፤ ኢንፌክሽን፣ ዕጢ ወይም የቀድሞ ቀዶ ሕክምና ሲኖር። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ኩላሊትዎን የሚያምዎ ከሆነ ቀድመው ይናገሩ።

ድምፁ ያስደነግጣል። ማሽኑ ሲሠራ የሚያንኳኳው ጆሮ የሚጎዳ ያህል ነውና የጆሮ መድፈኛ ሳይሰጥዎ አይግቡ። አንድ ቦታ ለመነሳት ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ሳይነቃነቁ ይተኛሉ። ይህም ረዘመ ካሉ፣ አሜሪካዊው ሐኪም ሬይመንድ ዳማዲያን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 1977 የመጀመሪያውን የሰው አካል የኤምአርአይ ምስል ሲያነሳ ወደ አምስት ሰዓት ፈጅቶበታል። ለኤምአርአይ የተሰጠውን የኖቤል ሽልማት ግን በ2003 ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ ወሰዱት፤ ዳማዲያን ተበሳጭቶ በጋዜጦች ላይ ሙሉ ገጽ የተቃውሞ ማስታወቂያ አስወጣ።

ከሽንሌና ከኤረር ወገን ያለው ሕመምተኛ ወደ ድሬዳዋ ድል ጮራ፣ ከጅግጅጋ ወገን ያለው ወደ ካራማራ፣ ወደ ሼክ ሀሰን ያባሬ ወይም ወደ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ያቀናል። የትም ይሂዱ፣ ኤምአርአይ ሲታዘዝልዎ «ውጤቱ ሕክምናዬን ይቀይረዋል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «አይቀይረውም» ከሆነ ገንዘቡን ለፊዚዮቴራፒ ያውሉት። ከተነሱም ከወረቀቱ ሌላ ሲዲውን ይቀበሉ፤ ቀጣዩ ሐኪም ማየት የሚፈልገው ምስሉን ነው።

ይህ ሁሉ «ቆይ» የማይሠራበት ጊዜ ግን አለ። የወገብ ሕመም ይዞዎት ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ካመለጠ፣ በመቀመጫና በጭን መሐል ያለው ቆዳ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮች ከዛሉ ነርቮቹ ታንቀው ሊሆን ይችላል። ያኔ ኤምአርአይ በሰዓታት ውስጥ ያስፈልጋል፤ ቀዶ ሕክምናውም እንዲሁ። ቀጠሮ አይጠብቁ፣ እስኪነጋም አይጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።